በውሃ ቀጂዋ ቀንቼ ነበር

ዘንድሮም ኅዳር ሲታጠን የየካ መንደር እንደ ልማዱ በጭስ ታፈነ። ያረጀ ሰሌን፣ የተቀደደ ቅርጫት፣ ከየጓዳው የተጠረገ ጉድፍ በየደጃፉ ተከምሮ ሲነድ ጭሱ ሸንተረሩን ይዞ ወደ እንጦጦ ይወጣል። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን እየጠራረግሁ ሳለሁ ጎረቤቴ በየነ ወደ አጥሬ ቀረበ። በየነ መሥሪያ ቤት የሚውል ወጣት ጸሐፊ ነው፤ ኮት ለብሶ በላዩ ነጠላ የሚደርብ፣ ለሽማግሌ ክብር ያለው ልጅ።

"አባባ ተክሌ፣" አለኝ፣ "በዚያ በክፉ ቀን ጊዜ እንጦጦ ላይ ሕመምተኛውን ሁሉ ያዳኑት እርስዎ ነዎት ይላሉ። እውነት ነው?"

"ማን ነው የሚለው?"

"ሰፈሩ ሁሉ ነዋ! እናቴም ትላለች።"

ከሠላሳ ዓመት በላይ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ነበረኝ። ዓይኔን ዝቅ አድርጌ "ያዳነስ እግዚአብሔር ነው" እላለሁ። ጠያቂው ትሕትናዬን አድንቆ ይሄዳል፤ ውሸቱ ከእኔ ጋር ይቀራል። ያን ዕለት ግን ያንን ቃል መድገም አስጠላኝ። "ና ግባ፣ ተቀመጥ" አልኩት። "ያዳነችው ሌላ ናት። እኔ የቀናሁባት ነኝ።" ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ያን ጊዜ እንጦጦ ከተማ ነበር። ዛሬ አብያተ ክርስቲያናቱ ብቻቸውን ቀርተው ለሚያይ ሰው አይመስልም እንጂ፣ ንጉሡ ከነሠራዊታቸው እዚያ ላይ ነበሩ፤ ድንኳኑ፣ ጎጆው፣ የፈረሱ ጋጣ ተጠጋግቶ ጋራውን አልብሶት ነበር። ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር ገና አልመጣም። የነበረው ጽድ ነው፤ እሱም ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ጋራው ከዕለት ወደ ዕለት ይራቆት ነበር። ብርዱስ! የእንጦጦን የጥቅምት ብርድ ያልቀመሰ ብርድ አውቃለሁ አይበል። መኳንንቱ በርኖስ ደርበው ያልፋሉ፣ ወታደሩ የበግ ለምዱን ጣል ያደርጋል፣ እኛ ተማሪዎቹ በደበሏችን ውስጥ እንኮማተራለን። እኔ ደበሎዬን አውልቄ ጥለቱ ደም የመሰለ ጃኖ የምለብስበትን ቀን እያሰብሁ ነበር የምሞቀው። በደጉ ጊዜ በገበያው ቀን ከቡልጋም ከሰላሌም የመጣ ሰው ጋራውን ይሞላዋል፤ በአንድ አሞሌ ጨው ሁለት ዶሮ ገዝተህ በርበሬ ይመረቅልህ ነበር። ማሩ በገንቦ፣ ቅቤው በቅል፣ አዝማሪው በየጠጅ ቤቱ። ያ ሁሉ ሞልቶ የተረፈበትን ዘመን እንዲህ በጥቂት ቃል መጨረሴ ይቆጨኛል፤ ግን እሱም ራሱ በጥቂት ጊዜ ነው ያለቀው።

መጀመሪያ ከብቱ አለቀ። በሬ ጠፍቶ ሰው በእጁ እየቆፈረ ለመዝራት ተፍጨረጨረ፤ የሚዘራውም አልነበረም። ከብቱን ረኃብ ተከተለው፣ ረኃቡን የሆድ በሽታ። ማለዳ ደኅና የነበረ ሰው ረፋድ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ቀትር ላይ ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበራል። ከእንጦጦ ወደ የካ በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ ሰፊ ዳስ ተጣለና በሽተኛ ሁሉ ወደዚያ ይወሰድ ተባለ። የዳሱ አለቃ መምህሬ መሪጌታ ክንፈ ነበሩ፤ ሥርና ቅጠል በማወቅ ስማቸው እስከ መርሐቤቴ የሚጠራ፣ ጢማቸው ነጭ፣ ቁጣቸው አጭር ሰው። እኔ ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርቱን እወቅጣለሁ፣ ሥሩን እቀምማለሁ፣ በቀንድ ዋንጫ እየለካሁ ለበሽተኛው አጠጣለሁ። ከመምህሬ ቀጥሎ የዳሱ ሰው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ከእኛ በታች ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ወልዴ የሚባል መቃብር ቆፋሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆፍሮ የማይናገር። ሌላዋ ጫልቱ ናት።

ጫልቱ ከየካ ታች የመጣች፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ ሴት ነበረች። ብዙ ላም የነበራት ናት ይሏታል። ላሞቿ አለቁ፣ ባሏ በረኃቡ ሞተ፣ አንዲት ልጅ ቀረቻት። ለእሷና ለልጇ ጉርሻ ብላ ውሃ ቀጂ ሆነች። ከታች ካለው ምንጭ በእንስራ ቀድታ፣ በጠፍር አዝላ፣ ያንን አቀበት በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ትወጣዋለች። ወጥታም አታርፍም። ውሃውን ታፈላለች፣ የተበከለውን ጨርቅ በእንዶድ ታጥባለች፣ ከበሽተኛው ሥር ያለውን ድርቆሽ አውጥታ ታቃጥላለች፣ ሌላ ታነጥፋለች። እኛ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈውን እሷ በእጇ ታነሣለች። ዝምተኛ እንዳትመስላችሁ ደግሞ! አቀበቱን ትረግማለች፣ ወገቧን ትረግማለች፣ እኔንም ስታልፍ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጣል ታደርግብኝና ወልዴን ታስቀዋለች። እኔም "አንቺ" እያልኩ አዛታለሁ። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ጥቂት የቀራት ሴት ናት፤ ግን እንስራ ተሸካሚን ማን አንቱ ይላል?

ቅናቱ የጀመረኝ በባሻ ደምሴ ነው። ባሻ ደምሴ ወሬ የሚወድ፣ ግጥም የሚያውቅ ወታደር ነበር። በሦስት ሰው ተይዞ መጣ፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዋንጫዬን ይዤ ተንበረከኩለት።

"ይኼን ጠጣ" አልኩት።

አሽትቶ ፊቱን አዞረ። "ለራስህ ጠጣው። ውሃ ቀጂዋን ጥራልኝ።"

"ሥራ ላይ ናት።"

"እጠብቃታለሁ።"

ጠበቃት። መጥታ ራሱን ክንዷ ላይ አስደግፋ በቅል ትንሽ ትንሽ አጠጣችው፤ ሲያስመልሰው ጠብቃ እንደገና አጠጣችው። ወልዴ አልፎ ሲያየን አንገቱን ነቀነቀ። ባሻ በሦስተኛው ቀን ቀና ብሎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ልብ ብዬ ማየት ጀመርሁ፤ እሷ የደረሰችበት በሽተኛ ከሌላው ይልቅ ይሰነብታል፣ ከሰነበተውም ብዙው ይነሣል። የእኔን ዋንጫ ብቻ የጠጡትስ? ወልዴ ነው የሚያውቃቸው።

ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ቀናሁ። ስምንት ዓመት ዜማና ቅኔ፣ ከዚያ በላይ ሥር ስምስ በበረሃው ተንከራትቼ የተማርሁት፣ አንዲት እንስራ ተሸካሚ ትበልጠኝ? መሪጌታ ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ጫልቱ መጣች?" ነበር። እኔ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። በሽተኞቹ ሲወራጩ እናታቸውን ይጠራሉ፣ ቀጥሎ እሷን። የኔን ስም የሚጠራ አልነበረም። ባሻ ደምሴ ደግሞ ጉልበቱ ሲመለስ ጀርባውን ከዳሱ ምሰሶ አስደግፎ እንዲህ ሲል አዜመ፦

ቅጠል በጣሽማ መች ጠፋ ከደጇ፣
እንጦጦን ያዳነች ጫልቱ ናት በእጇ።

ዳሱ ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ እንጨት ሰባሪዎቹ፣ በሰልስቱ ገበያተኛው ተቀበለው። ቅጠል በጣሹ እኔ ነኝ። በደረስኩበት ሁሉ ያ ግጥም ቀድሞኝ ይደርሳል።

ምን እንደምታደርግ ለማወቅ ተከታተልኋት። ያፈላችው ውሃ ውስጥ የተፈጨ ገብስ ታሟሟለች፤ ቀጥላ ከጉያዋ ነጭ ነገር አውጥታ በቢላ ጫፍ ትፍቅበታለች። ስትወጣ ጠብቄ የምንቸቱን ከንፈር በጣቴ ጠርጌ ቀመስኩት። ጨው ነው። ያው የምንገበያይበት አሞሌ፣ ከራሷ ቤት ያመጣችው።

በማግስቱ ዳሱን ወደሚጠብቁት ወታደሮች አለቃ ሄድሁ።

"ውሃ ቀጂዋ ነጭ ነገር እየፋቀች ለበሽተኛው ታጠጣለች" አልኩት።

"ምንድን ነው?"

"እኔ እንጃ። ከመሪጌታ በቀር መድኃኒት እንዲሰጥ የተፈቀደለት የለም።"

ያ ሁሉ ቃል ሲመረመር አንዱም ውሸት የለበትም፣ "እኔ እንጃ" ከምትለዋ በቀር። በዚያ ዘመን ግን ሰው ጥላውን የሚፈራበት ጊዜ ነው፤ መርዝ ተጣለ፣ ቡዳ በላው የሚል ወሬ ከበሽታው እኩል ይዞር ነበር። ቀትር ላይ ጠባቂዎቹ መጡ። ጫልቱ ከአቀበቱ ወጥታ እንስራዋን እንኳ አላወረደችም። አንዱ እንስራውን ጀርባዋ ላይ እንዳለ በጦሩ ዘንግ መትቶ ሰበረው። ውሃው በላይዋ ላይ ፈሰሰ።

"ጨው ነው!" ብላ ጮኸች። አሞሌዋን ከጉያዋ አውጥታ ዘረጋች። "ጨው ነው፣ ቅመሱት!"

ማንም እጁን አልሰነዘረም። ጠባቂዎቹ ወደ ኋላ አሉ። ያን ጊዜ ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። "ተክሌ፣ አንተ የተማርህ ነህ። አንተ ቅመስና ንገራቸው።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "እኔ ያላወቅሁትን አልቀምስም" አልኩ።

ጠፍሯን ከስብርባሪው መሐል አንሥታ፣ ልብሷ እየተንጠባጠበ ቁልቁለቱን ወረደች። መሪጌታ ያን ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ወጥተው ስለነበር በዳሱ አልነበሩም። ሲመለሱ ጠባቂዎቹ እንዳባረሯት ነገርኋቸው፤ ለጠባቂዎቹ ማን እንደነገራቸው አልነገርኋቸውም።

ቀጥሎ የመጡትን ሦስት ቀናት በዝርዝር መናገር አልሻም። ያንን አቀበት በእንስራ የሚወጣ ሌላ ሰው አልተገኘም፤ ጠባቂዎቹ ከዳሱ ጀርባ ካለው ድፍርስ ኩሬ እየጨለፉ አመጡ። የሚያፈላው የለም። ጨርቁ ሳይታጠብ ተከመረ። እኔ ዋንጫዬን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ ብሮጥም ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ብቻ ነበርና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ባሻ ደምሴ በሁለተኛው ቀን አገረሸበት። ያንን የኩሬ ውሃ ባይጠጣ ኖሮ ይድን የነበረ ሰው ይመስለኛል። ዋንጫውን ወደ አፉ ሳቀርብለት በዚያ በሟሸሸ ድምፁ "ጫልቱ መጣች?" አለኝ። "ትመጣለች" አልኩት። ሊሞት በተቃረበ ሰው ፊት ተቀምጬ፣ ስሟን ስለጠራ ቀናሁ። ወልዴ ቀበረው። ቆፍሮ ሲጨርስ አካፋውን ተደግፎ ብዙ አየኝ፤ ማን እንዳስባረራት እሱ እንኳ አውቋል።

በሦስተኛው ቀን መሪጌታ ራሳቸው ወደቁ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ እጄን ያዙኝ።

"ያቺ ሴት በውሃው ውስጥ ምን ነበር የምትጨምር?"

"ጨው ነው፣ መምህር።"

ዓይናቸውን ገለጡ። "ባባረሯት ቀን ታውቅ ነበር?"

ዓይኔን ከያዘኝ እጃቸው ላይ አላነሣሁም።

"ሂድ አምጣት" አሉኝ። "እምቢ ካለችህ አትመለስ።"

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድሁ። ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ገብስ ስትለቅም አገኘኋት፤ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣለች። ስታየኝ ቀና እንኳ አላለችም። ቆብ የሌለውን ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁ።

"እንደምን ዋሉ? እርስዎን ፍለጋ ነው የመጣሁት።"

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። "ማንን ነው እርስዎ የምትል? ከኋላዬ ሰው ቆሟል?"

"መሪጌታ ታመዋል። ሰው እያለቀ ነው። እባክዎ ይመለሱ።"

"የባሻስ ነገር? ያ ግጥም ገጣሚው?"

"ሞተ።"

የምትለቅመውን ገብስ ተወችው። "እንደ ጥጃ ነበር ያጠጣሁት" አለች። "ጥጃ ሲቀዝን ይህንኑ ነው የምንሰጠው፤ ገብስና ጨው፣ ትንሽ ትንሽ። ላሞቼን የገደለው ሌላ በሽታ ነው፣ ለእሱ አልሆነም። ለሰው ግን ሆነ። ይኼን ብትጠይቀኝ አልነግርህም ነበር?"

"ይነግሩኝ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ቀንቼ ነው።" ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፍቼ የተናገርሁት ያኔ ነው። ይቅር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ ጎረቤት ገብታ ሁለት እንስራ ተውሳ ወጣች፣ ጠፍሩንም አነሣች።

"ለአንተ ብዬ አይደለም የምመጣው" አለች። "ሰዎቹ ስላሉ ነው። ይህን ግን አንተ ትሸከማለህ፣ ኢልመ ኮ።" ልጄ ማለቷ ነው፤ በቁጣ ብትለውም።

ከምንጩ ቀዳንና ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። ወንድ፣ ያውም የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ እንስራ አዝሎ ሲወጣ ያየ ገበያተኛ እየቆመ ሳቀ። ሴቶቹ እልል አሉብኝ። ከአቀበቱ እኩሌታ ሳልደርስ ጠፍሩ ደረቴን ላጠው። እሷ ሁለተኛውን እንስራ አዝላ ከፊቴ ትሄዳለች፤ ዘወርም አትል፣ አትጠብቀኝም። መሪጌታ ስላስጠሯት ጠባቂዎቹ አልነኳትም። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ወጣሁት፣ ከዚያም በየቀኑ። መሪጌታ ተረፉ። ከእሳቸው ጋር ብዙ ሰው ተረፈ፣ በሽታውም ቀስ በቀስ ጋራውን ለቀቀ።

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። በሽታው ሲበርድ አንድ ትልቅ መኮንን ዳሱን ሊጎበኙ መጡ። መሪጌታ ገና መቆም ስላልቻሉ እኔን ላኩኝ። "ስሟን ጥራ" አሉኝ፣ "ከሁሉ አስቀድመህ ስሟን ጥራ።" መኮንኑ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ "እነዚህን ሁሉ ማን አዳነ?" ብለው ጠየቁ። ከሕመማቸው ከተነሡት መካከል አንዳንዶቹ "ጫልቱ! ጫልቱ!" ብለው ጮኹ። መኮንኑ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ጫልቱ የምትሉት ማን ናት?"

ከሰዉ ኋላ ከወልዴ ጎን ቆማ አየኋት። እጇ በእንዶድ ነጥቷል። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። የመኮንኑ አሽከር ለሽልማት የያዘውን ጃኖም አየሁት።

"ውሃ ቀጂያችን ናት፣ ጌታዬ" አልኩ።

መኮንኑ ፈገግ አሉ፤ "እርሷንም ጉርሻ አትንፈጓት" ብለው ጃኖውን እኔ ላይ አስደረቡ። ቀና ብዬ ሳይ ጫልቱ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ወርዳለች። መሪጌታ ከዚያ በኋላ አንዲት ሥር አላሳዩኝም። "አንተ የሚበቃህን ተምረሃል" አሉኝ፣ ያ ነበር ስንብታችን። ባለ መድኃኒት ተብዬ የኖርሁት በእኩሌታ ትምህርትና በአንድ ጃኖ ነው።

ከተማው ቁልቁል ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወረደ፤ ጎጆው ፈረሰ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ወልዴ ወዴት እንደ ሄደ አላወቅሁም። እኔ የካ ቀረሁ፤ ሚስት አገባሁ፣ ቤት ሠራሁ፣ "ባለ መድኃኒቱ" እየተባልሁ ተከበርሁ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ሰው እስከ ዛሬ ያንን ምንጭ የጫልቱ ውሃ ይለዋል። እንስራ ያዘሉ ልጃገረዶች ማን እንደሆነች ሳያውቁ "ከጫልቱ ውሃ ደርሰን መጣን" ሲሉ በሰማሁ ቁጥር፣ በስሜ የሚጠራ አንድ ጉድጓድ እንኳ እንደሌለ አስባለሁ። ሽማግሌ ሰው በምንጭ ሲቀና አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀንቼ አውቃለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በጣም አርጅታ ኮተቤ በኩል ልጇ ቤት እንደምትኖር ሰማሁና ልቤን ጨክኜ ሄድሁ። ከግድግዳው ጥግ ፀሐይ ትሞቃለች። ዓይኗ ደክሟል፤ በድምፄ አወቀችኝ።

"ይቅር እንዲሉኝ ነው የመጣሁት" አልኩ ከፊቷ ቆሜ።

"የትኛውን?" ብላ ሳቀች። ጥርስ አልቀረላትም።

"የጨውንም፣ የባሻንም፣ የጃኖውንም። ሁሉን በቅናት ነው ያደረግሁት።"

"ይህን ያኔም ነግረኸኛል። ባሻን ይቅር የሚልህ ባሻ ነው።" ቆየት አለችና ጉልበቷን እያሸች "እኔም እኮ እቀናብህ ነበር" አለች።

"በእኔ? በምኔ?"

"አንተ ተቀምጠህ ነበር የምትሠራ። ከእሳቱ አጠገብ፣ ሙቀጫህን በጉልበትህ መሐል ይዘህ። እኔ ያንን አቀበት ወጥቼ ስደርስ ወገቤ ሊበጠስ ይደርሳል። ይህ ጎረምሳ አንድ ቀን በተነሣልኝና ትንፋሼ እስኪመለስ ቁጭ ባልኩ እል ነበር። ሌላ ምንም አላማረኝም፤ ጃኖህም፣ ስምህም። መቀመጫህ ብቻ።"

አንገቴን ደፋሁ። "ለምን አልጠየቁኝም ነበር?"

"ለምን አልተነሣህም ነበር?"

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ፀሐዩ መለሰች። እንደዚያ ቆሜ ስቀር ጊዜ "ተቀመጥ እንጂ፣" አለችኝ፣ "ቀና ብዬ ስሰማህ አንገቴን አመመኝ።"

ከእግሯ ሥር፣ መሬቱ ላይ ተቀመጥሁ።